ሁለት ክፍል አይቶ ፍርድ

አንድ ተወዳጅ የወንጀል ድራማ ሲያልቅ ተመልካቹ ያዝናል። አዘጋጆቹም የሐዘኑን ልክ ያዩና ከድራማው አንድ ገጸ ባህሪ መዘው በእሱ ዙሪያ ሌላ ድራማ ይሠራሉ። ስፒን ኦፍ የሚባለው ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በወጡ ማግስት ፍርዱ ተሰጥቶ ያድራል። «አሰልቺ ነው።» «እንደ ዋናው አይደለም።» «ገንዘብ ፍለጋ ነው።» በሌላው ጥግ ደግሞ «እንዲያውም ከዋናው ይበልጣል!» የሚሉ ይጮኻሉ። ሁለቱንም ወገን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚፈርዱበትን ድራማ ገና አላዩትም።

እኔ ዛሬ ከሁለቱም ጋር ልጣላ ነው። የምጣላው ግን ካለቀና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊመረመር ከሚችል ጉዳይ ተነስቼ ነው። ጉዳዩ ቤተር ኮል ሶል ነው።

ብሬኪንግ ባድ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 በኤኤምሲ ጣቢያ 62 ክፍሎች ታይቶ አበቃ። የኬሚስትሪ አስተማሪው ዋልተር ዋይት ዕፅ አምራች የሆነበት ድራማ ነው። በ2009፣ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሶል ጉድማን የሚባል አፈ ጮሌ ጠበቃ ብቅ አለበትና በቀልዱ ተመልካቹን ያዘ። ቪንስ ጊሊጋንና ፒተር ጉልድ ይህን ሰው ይዘው አዲስ ድራማ ሠሩ። የመጀመሪያው ክፍል ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015 ሲተላለፍ ወደ 6.9 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። በጊዜው ለአሜሪካ የኬብል ድራማ ጅማሮ ክብረ ወሰን ነበር። በማግስቱ ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ።

ለቸኩሎ ፈራጅ ይኼ ቁጥር ሠርግና ምላሽ ነው። «አያችሁ! በአንድ ቀን ግማሹ ሸሸ!» ቁጥሩ ግን እንዲህ አይልም። የእሁዱ ክፍል የተላለፈው ዘ ዎኪንግ ዴድ እንዳለቀ ነው። ያ ድራማ ደግሞ በዚያ ዘመን በኬብል ቴሌቪዥን ተወዳዳሪ አልነበረውም። የእሱ ተመልካች ሪሞቱን ሳያነሳ ቁጭ ብሎ ቀረ። ሰኞ ግን አዲሱ ድራማ በራሱ እግር መቆም ነበረበት። ከጎደለው ሕዝብ ስንቱ ተሰላችቶ እንደሄደ፣ ስንቱ መጀመሪያውኑም የጎረቤት እንግዳ እንደነበረ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ከቀሩትም ውስጥ የብዙዎች ቅሬታ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ «ምንም ነገር አልተፈጠረም።» ሶል ጉድማን ብለው ጠርተውን ጂሚ መጊል የሚባል ምስኪን አመጡብን ይላሉ። ጊዜው 2002 ነው። ሰውየው አሮጌ መኪና ይነዳል። ቢሮው የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ለድሆች ተከላካይ ጠበቃ ሆኖ ሦስት ጎረምሶችን ወክሎ ተከራክሮ የ700 ዶላር ቼክ ይሰጡታል። ማይክ የሚባል የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ማኅተሙ ጎድሏል ብሎ አላሳልፍ ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ ቻክ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመኛል ብሎ መብራት በሌለበት ቤት ተዘግቶ ይኖራል። ዋልተር ዋይት የለም። ፍንዳታ የለም። «ታዲያ ምን ልናይ መጣን?»

እስኪ ሁለተኛውን ክፍል ደግመን እንየው። ቱኮ የሚባል የዕፅ ነጋዴ አያቴን ሰድበዋል ያላቸውን ሁለት ወጣቶች በረሃ ወስዶ ሊገድላቸው ነው። ጂሚ መሣሪያ የለውም፤ ያለው አንደበት ብቻ ነው። እንደ ገበያ ሰው እየተከራከረ ሞቱን ወደ እግር ስብራት ያወርደዋል። በመጨረሻም ለእያንዳንዳቸው አንድ እግር በሚል ይስማማሉ። እግራቸው ሲሰበር ቆሞ ያያል። ከዚያ መጠጥ ቤት ሲገባ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ቀጫጭን ደረቅ ዳቦ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይሰብራል። ጂሚ ያንን ድምፅ መቋቋም አቅቶት ሮጦ ገብቶ ያስታውካል።

ምንም አልተፈጠረም ያልከኝ ወንድሜ፣ የተፈጠረው ይኼ ነው። በዋናው ድራማ ሬሳ በአሲድ ሲሟሟ እያየን ፋንዲሻችንን በልተናል። እዚህ ግን አንድ ሰው በዳቦ ድምፅ ታመመ። አዘጋጆቹ በሁለተኛው ክፍል ላይ ጥያቄያቸውን በግልጽ ጠይቀዋል፤ ዳቦ ሲሰበር የሚያስታውክ ሰው በምን መንገድ ሄዶ ነው በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ግድያ እየቀለደ የሚመክር ጠበቃ የሚሆነው? ተመልካቹ የፈለገው የሚቀልደውን ነው። የሚያስታውከውን ማየት አልፈለገም። ስለዚህ ቅሬታው የድራማው ፍጥነት ላይ አልነበረም። ወንጀሉን አምጡልኝ፣ ዋጋውን ግን አታሳዩኝ ማለት ነበር።

ከሁለት ክፍል በኋላ የፈረደ ሰው ያላየውን ደግሞ ልቁጠርለት። ብዙዎች የድራማው ልብ የሚሏትን ኪም ዌክስለርን አላወቃትም፤ በመጀመሪያው ክፍል ሬይ ሲሆርን የምትናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። የማኅተም ጠያቂው ማይክ ለምን እንዲህ ድንጋይ ሆነ የሚለውን አላየም፤ ያ ታሪክ የተነገረው በስድስተኛው ክፍል ነው። በጨለማ የተቀመጠው ወንድም የታናሹን መንገድ በድብቅ ሲዘጋ እንደኖረ አልሰማም፤ እሱም የመጣው በዘጠነኛው ነው። ድራማው ኦገስት 15 ቀን 2022 ሲያበቃ 63 ክፍል ሞልቶት ነበር፤ ከወለደው ድራማ በአንድ ይበልጣል። ፈራጁ ያየው ከ63 ሁለቱን ነው።

«በኋላ ስለተሸለመ ነው የምትከራከርለት» እንዳትሉኝ። ለኤሚ ሽልማት 53 ጊዜ ታጭቶ አንድም አላገኘም። ሽልማትን ማስረጃ ላድርግ ብልም አልችልም።

በተቃራኒው የቆሙትም አያመልጡም። በሁለት ክፍል «ከዋናው ይበልጣል» ያለ ሰው በኋላ ነገሩ ቢሳካለትም እንኳ ያኔ ያወቀው ነገር አልነበረም። የወደደው የናፈቀውን ዓለም ነው፤ የአልበከርኪን በረሃ፣ የማይክን ፊት፣ የቱኮን ድንገተኛ መምጣት። ናፍቆት ደግሞ ግምገማ አይደለም።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ልስማ። ተመልካቹ ለማንም ዕዳ የለበትም። የኢንተርኔት ጥቅል በገንዘቡ ገዝቶ፣ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ለሚያየው ነገር «ዘጠነኛው ክፍል ላይ ያምርልሃልና ታገሥ» ማለት ድፍረት ነው። ትክክል ነው። ያልጣመውን የመዝጋት መብቱን የሚነካበት የለም። እኔ የማነሳው ሌላ ልዩነት ነው። «አልወደድኩትም» እና «አይረባም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ተናጋሪው ነው፤ ለእሱ አንድ ክፍልም፣ አሥር ደቂቃም ይበቃል። ሁለተኛው ስለ ሥራው ነው፤ እሱ ማየትን ይጠይቃል። የእኛ ችግር የመጀመሪያውን ስሜት በሁለተኛው ቋንቋ መናገር ነው።

የዘገየ ሁሉ ጥልቅ ነው እያልኩም አይደለም። ባዶነቱን በዝግታ የሚሸፍን ድራማ ሞልቷል። መለያው ግን አለ፤ ዝግታው የሚያጠራቅመው ነገር አለ ወይ? የማኅተሙ ጭቅጭቅ ለሳቅ ብቻ የገባ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ነገር ግን ሁለት ግትር ሰዎችን አገናኝቶ በኋላ እስከ መቃብር አፋፍ የሚያደርስ መተዋወቅ ሆነ። ይህንን ለማወቅ ደግሞ መቆየት ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ እንቁላሉን ግን በሁለተኛው ቀን ሰብረን «ጫጩት የለውም» እንላለን።

ጥፋቱ የተመልካች ብቻ አይደለም። እኔ በየጽሑፉ ተከፍሎኝ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። አንድ አዘጋጅ «ማታ ይወጣል፤ ጠዋት ግምገማው ይድረሰኝ፤ ርዕሱ ወይ ወደቀ ወይ አነገሠ ይሁን» ብሎኝ ያውቃል። «ገና ነው፤ እንጠብቅ» የሚል ርዕስ ማንም አይከፍልበትም። ተመልካቹ የሚቸኩለው የምንጽፈው ሰዎች ችኮላን ሥራ ስላደረግነው ጭምር ነው።

«ለአንድ የፈረንጅ ፊልም ይህን ያህል?» የሚል ይኖራል። ድራማ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ሰው አይጎዳም። ልማዱ ግን ከስክሪኑ አልፎ ይወጣል። የወንጀል ዜና ሲሰማ የምናደርገውን አስቡ። የተያዘው ሰው ፎቶ በየገጹ ይለጠፋል፤ ከአስተያየቶቹ ሥር ፍርዱ አልቋል። የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል፤ ወረቀቱ ላይ። ምርመራው፣ ምስክሩ፣ የመከላከያው ቃል ሲመጣ አንባቢው ሄዷል። «ማን ገደለ» ይነበባል፤ «እንዴት እዚህ ደረሰ» አይነበብም። ጂሚ መጊል በመጀመሪያው ክፍል የሚሠራው ሥራ ማንም የማይራራላቸውን ተከሳሾች ወክሎ መቆም መሆኑን አትርሱ። ተመልካቹ የተሰላቸው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤኤምሲ የቤተር ኮል ሶልን ሁለተኛ ምዕራፍ ያዘዘው በ2014 ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ገና ሳይታይ። ስለዚህ የማግስቱ ጩኸት አዘጋጆቹን አላስደነገጣቸውም፤ ጂሚን በችኮላ ሶል አላደረጉትም። በስፖንሰር ትንፋሽ የሚኖር የአገር ውስጥ ድራማ ይህ ዋስትና የለውም። እሱ ላይ በሁለተኛው ሳምንት «አይረባም» ስንል ቃላችን ታሪኩን ሊያጥፈው፣ ባስ ሲልም ሊያስቆመው ይችላል። ከዚያ ዞረን «የእኛ ሰዎች ጥልቅ ሥራ አይሠሩም» እንላለን። ጥልቀት ጊዜ እንደሚፈልግ እያወቅን ጊዜውን የነፈግነው እኛው ነን።

ስለዚህ ቀጣዩ ስፒን ኦፍ ሲመጣ ካልጣማችሁ ዝጉት፤ «አልወደድኩትም» በሉ፤ ማንም አይከሳችሁም። «አይረባም» ለማለት ግን ቁጭ ብላችሁ እዩ። ማየት ካልፈለጋችሁ ፍርዱን ላየው ሰው ተዉለት።