ፊልሙ ጋይንትም ይታይ

የሙዚቃ ዝግጅት ወይም ስለ ሙዚቃ የተሠራ ፊልም ሊታይ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ቦታው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴ ባሕር ዳር፣ ሲበዛ ጎንደር። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በእንዲህ ያለው መድረክ ስማቸው ቢነሣ የዜማ ምንጭ ተብለው ነው እንጂ ተመልካች ሆነው አይጋበዙም። ነገሩ ቅር ከማሰኘትም አልፎ ሙዚቃውንም ፊልሙንም ይጎዳል ባይ ነኝ። ስለ አዝማሪዎችና በየደጃፉ ስለሚያዜሙት ላሊበሎች የተሠራ ፊልም በእነዚህ አገሮች ከተሞች፣ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ እስካልታየ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ምክንያቱ ከአዝማሪው አሠራር ይጀምራል። ሠርግ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲመታ ግጥሙ የእሱ ብቻ አይደለም። ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው በአንዲቷ የጭራ ክር ላይ ዜማውን ሳያቋርጥ ቃሉን ይቀበላል፣ ይደግመዋል፣ ቤቱ ቢጎድል ሞልቶ ከቅኝቱ ጋር ያስማማዋል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ላመለጠው እንግዳ ጎረቤቱ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ላሊበሎችም እንዲሁ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆመው ከማዜማቸው በፊት የባለቤቱን ስምና ሥራ ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ እስኪመጸውት ያሞግሱታል፣ ሲሰጣቸው መርቀውት ይሄዳሉ። ሙዚቃው የሚሠራው በሰጪና በተቀባይ መካከል ነው። የከተማው መድረክ ግን ብርሃኑን ዘፋኙ ላይ አብርቶ ሰዉን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ካሜራውም ብዙ ጊዜ ማሲንቆውን ተከትሎ ስንኙን የሰጠውን ሰው ይረሳዋል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም ገደማ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ሙዚቃችን ወደ ውጭ የሚጓዝበት መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም መንገዱን አስፍቶታል። ጃፓናዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴም በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ላሊበሎችና ጎንደር ከተማ ውስጥ ስለሚዘፍኑ ሕፃናት አዝማሪዎች ፊልም ሠርቷል። እነዚህን ሥራዎች አከብራለሁ፤ ባይሠሩ ኖሮ ብዙ ነገር ሳይቀረጽ ባለፈ ነበር። የመመለሻው መንገድ ግን ገና አልተጠረገም። እንዲህ ያለ ፊልም በውጭ አገር አዳራሽ ሲታይ ተመልካቹ ከሥር የተጻፈውን ትርጉም አምኖ ያጨበጭባል። «ይህ ስንኝ እንደዚያ ማለት አይደለም፣ ወርቁ ሌላ ነው» ብሎ እጁን የሚያነሣው ሰው ያለው እስቴ ገበያ ውስጥ ነው። ፊልም ሠሪው ይህን ሰው ካላገኘው ስሕተቱ እንደታተመ ይቀራል።

ከተማው ራሱ ይበቃል እንዳይባል፣ የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ሲፈርስ ፈንድቃ የተባለው ታዋቂ አዝማሪ ቤት እንኳ የኖረበትን ቦታ ለቋል።

በእነ ጋይንት አገር አዳራሽ የለም፣ መብራትም አያስተማምንም የሚለው ተቃውሞ ቀላሉ ነው። አንድ ፕሮጀክተር፣ ነጭ ሸራ፣ ጄኔሬተርና የትምህርት ቤት ክፍል ይበቃል፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የጸጥታው ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ሲያልፍ ሰውን በምሽት ሰብስቡ የሚል ምክር ኃላፊነት የጎደለው ነው። ስለዚህ በቀን ይሁን፤ የአገር ሽማግሌዎች ይቻላል ባሉበት ብቻ ይሁን፤ አይቻልም ካሉም ይቆይ። መቆየት ግን ከነጭራሹ ሳይታሰብ ከመቅረት ይለያል፤ ዝግጅቱ ዛሬ ታቅዶ ገንዘቡ ከተያዘለት መንገዱ ሲከፈት የሚጠብቅ ነገር ይኖራል።

ሌላው ተቃውሞ ከሊቃውንቱ በኩል ሊመጣ ይችላል። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባ ያሉት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ የትርኢት ዕቃ አይደለም ቢሉ ልክ ናቸው። ማኅሌቱን ማንም ወደ መድረክ አያውጣው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሲዜም እየሰማ ያደገ ጆሮ ባለበት አገር የሙዚቃ ተመልካች አይጠፋም። በነጻ የሚሰሙትን ማን ከፍሎ ያያል ለሚሉም፣ ክፍያው ከተመልካቹ ሳይሆን ከፊልሙ አዘጋጆች ይምጣ እላለሁ። ለሠርግ ሲፈለግ የሚወደድ፣ ከሠርጉ ማግስት ግን ስሙ ስድብ የሚሆንበት አዝማሪም በገዛ ወረዳው ሰው ፊት በእንግድነት ተጠርቶ የድካሙን ዋጋ ያግኝ።

ለመጀመር ታች ጋይንት ትመቻለች። ከተማዋ አርብ ገበያ የገበያዋን ቀን በስሟ ይዛዋለች። ሰው እህሉንና በጉን ሸጦ ከመመለሱ በፊት ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ይታይ፤ ሲያልቅ ሸራው ይነሣና በቦታው ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ይቀመጥ፤ የቀረውን «ተቀበል» ለሚለው ሰው እንተውለት።