የኋላ ካሜራና የማስጠንቀቂያ ድምፅ የቦሎ መስፈርት ይሁኑ

በየቅያሱና በየግቢው በር «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» የሚል ድምፅ መስማት የተለመደ ነው። ረዳት ወይም ዘበኛ የመኪናውን ጎን እየመታ ይመራል፤ ሹፌሩም ስፖኪዮውን እያየ ወደ ኋላ ይነዳል። መሪው በሌለበት ሰዓት ግን ከመኪናው ጀርባ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። የእግረኛ ሕይወት እንዲህ ባለ ዕድል ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ሰው ሲገጭ ጣታችን የሚቀሰረው ሹፌሩ ላይ ነው። ቸልተኛ ሹፌር መኖሩ አይካድም፤ ጥንቁቁም ቢሆን ግን ዓይኑ የማይደርስበትን ሊያይ አይችልም። ስፖኪዮ የሚያሳየው ግራና ቀኙን ነው። የሲኖትራክ ወይም የአይሱዙ የጭነት አካል የኋላውን እይታ ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። በቤት መኪናም ቢሆን ከኋላ መስታወት በታች የቆመ ሕፃን አይታይም።

የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ሲያወጣ ባቀረበው ግምት፣ ወደ ኋላ በሚነዱ ቀላል ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ 210 ያህል ሰዎች ይሞቱ፣ 15,000 ያህል ይጎዱ ነበር። ከሟቾቹ 31 በመቶው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ 26 በመቶው ደግሞ 70 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያን ናቸው። ከመኪናው ጀርባ የሚቀረው ቁመቱ ያጠረና እግሩ የዘገየ ነው ማለት ነው። አገሪቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሕግ አጽድቃ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጭነት መኪኖችንና አውቶቡሶችን ጨምሮ በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ላይ ካሜራ ወይም ጠቋሚ መሣሪያ ግዴታ አድርጓል።

በእኛ አገር ከውጭ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። ችግሩ ያለው በግንባታ ቦታ፣ በገበያና በመናኸሪያ ውስጥ ውለው በሚያድሩት አሮጌ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ላይ ነው።

ስለዚህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሦስት እርምጃዎችን እንዲወስድ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የኋላ ማርሽ መብራትና ስፖኪዮ ያልተሟላለት መኪና ቦሎ አይሰጠው፤ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ካሜራና የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይጨመሩ። ሁለተኛ፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ መኪና ያለ ካሜራ ታርጋ አያግኝ። ሦስተኛ፣ በግንባታ ቦታ የሠለጠነ መሪ ሳይኖር የጭነት መኪና ወደ ኋላ አይነዳ፤ መሪው ከሹፌሩ ዓይን በተሰወረ ቅጽበትም መኪናው ይቁም። አለዚያ መሪው ራሱ በመኪናውና በግድግዳው መካከል ይቀራል።

የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የዕቃ ውድነት እንደ መከራከሪያ እንደሚነሱ እናውቃለን። ለዚህም በቂ የእፎይታ ጊዜ መስጠትና ከከባድ መኪኖች መጀመር ይቻላል። ሆኖም ለጌጥ መብራትና ለቴፕ ገንዘብ የማይቸግረው ባለንብረት ለካሜራ ሲሆን አቅም አጣሁ ቢል ተቀባይነት የለውም።

ካሜራ ብቻውን አደጋን አያጠፋም። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ወደ ኋላ ሲነዳ የሚደርሰውን ግጭት ካሜራ የቀነሰው በ17 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ ጭቃ ሲሸፍነውም ከንቱ ነው። ሞተር ከማስነሳት በፊት መኪናውን ዞሮ ማየት ምንም ወጪ የለውምና ሹፌሩ ከዛሬ ጀምሮ ይልመደው። መንግሥት ደግሞ የሹፌሩ ጥንቃቄ የማይደርስበትን ቦታ በሕግ ይሸፍን።