በመሐል የቆመው ማን ነው?

ዛሬ ስለ አንድ ቃል እሟገታለሁ። ቃሉ «ፕሮክሲ» ነው። በዚህች ከተማ ይህ ቃል ሲነሣ ገሚሱ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ገሚሱ ደግሞ «እሱን ነገር ተወው» ይላል። እኔ ግን ልተወው አልቻልሁም፤ ባለፈው ዓመት ጳጉሜ በዚሁ ቃል ሰበብ ተወቅሻለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራዳ ጊዮርጊስን በመስኮት አሻግሮ በሚያይ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ የክፍያ ዝርዝር በየሌሊቱ ወደ ሌላ ድርጅት የሚልክ ስክሪፕት ነበረ። ቅዳሜ ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ተቀባዩ ሰርቨር «ጥያቄው የተሳሳተ ነው» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። መልእክቱን የሚያሰናዳው ከሌላ የተገዛና ውስጡ የማይታይ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ከእኛ ወገን በትክክል ምን ተጽፎ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሁለት ቀን በኢሜይል ስንካሰስ ከርመን፣ ሰኞ ዕለት ሚትምፕሮክሲ የተባለውን ነጻ መሣሪያ በዚያው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አስነሣሁና ስክሪፕቱ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ አደረግሁ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። የክፍያው ቀን «2017-13-03» ተብሎ ተጽፏል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ደግሞ ከዐሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም። (የዐሥራ ሦስት ወር ጸጋችንን የሚያስታውሰው የቱሪዝም ማስታወቂያ ብቻ መሆኑን የዚያን ዕለት ተረዳሁ።)

ምስጋና ጠበቅሁ። የመጣው ግን ጥያቄ ነው፤ «ምስጠራውን እንዲሰብሩ ማን ፈቀደልዎ?»

ምንም የሰበርሁት ነገር የለም። ይህን ለማስረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ መናገር ግድ ይለኛል። ስክሪፕቱ በተመሰጠረ መንገድ ከሰርቨር ጋር ሲነጋገር አስቀድሞ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ይመረምራል፤ ሰርተፊኬት ማለት ማኅተም ማለት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስ ከቃሉ በፊት የሚታየው ማኅተሙ ነበር፤ ያን ማኅተም የሚጠብቀውም ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ፕሮክሲው በመሐል ገብቶ ለስክሪፕቱ በራሱ ማኅተም የታተመ ሰርተፊኬት ያቀርብለታል፤ በሌላ በኩል ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር የራሱን የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል። በሁለቱ መስመሮች መካከል መልእክቱ እንደ ተከፈተ ደብዳቤ ይነበባል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው የስክሪፕቱ ባለቤት ቀድሞ «የዚህን ፕሮክሲ ማኅተም እመን» ብሎ በእጁ ካዘዘ ብቻ ነው። ካላዘዘ ስክሪፕቱ «ሰርተፊኬቱ አልተረጋገጠም» ብሎ ይቆማል፤ መቆሙም ልክ ነው። እኔ የገዛ ቢሮዬን ደብዳቤ በገዛ ቢሮዬ ፈቃድ ከፍቼ አነበብሁ። ከዚህ ውስጥ ስርቆቱ የቱ ላይ ነው?

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ፕሮክሲውን ባስነሣሁ ጊዜ ስክሪፕቱ መጀመሪያ እምቢ ማለት ነበረበት፤ ማኅተሙን ገና አላስተዋወቅሁትማ። እርሱ ግን ያለ አንዳች ማንገራገር አለፈ። ኮዱን ስከፍት የሰርተፊኬት ምርመራው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ፓይተን የሚጽፉ ሁሉ የሚያውቋት «ቬሪፋይ ፎልስ» የምትባል አጭር ትእዛዝ ገብታበታለች። ምናልባት ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ የስሕተት መልእክት ሰልችቶት «ለጊዜው» ብሎ ያስገባት ናት። ስለዚህ ያ የክፍያ ዝርዝር ማንም በመንገዱ ላይ ቢቆም የፈለገውን ማኅተም ዐትሞ ሊያነበው፣ አልፎም የገንዘቡን ልክ ሊለውጠው ይችል ነበር። ተገቢው መንገድ ቀላል ነው፤ የፕሮክሲውን የማኅተም ፋይል ለዚያ ስክሪፕት ብቻ ማመላከት፣ ሥራው ሲያልቅ ማንሣት። የፓይተኑ «ሪኩዌስትስ» ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለው፤ ኖድም እንዲሁ። ይህን የነገርኋቸው ሰዎች በሩን ክፍት ትቶ ስለ ሄደው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የተከሰሰው በሩ ክፍት መሆኑን ያየው ነው።

ይህ አመል ከየት መጣ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እንደ እኔ ግምት ከራሳችን የቅርብ ታሪክ ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. የፖለቲካ ገጾች በድንገት አልከፈት ባሉ ጊዜ፣ የፒያሳ ኢንተርኔት ካፌዎች ደንበኛ ፕሮክሲ የሚለውን ቃል የተማረው ለማንበብ ሲል ነው። በቀጣዩ ዓመት ካፌዎቹ የተጠቃሚውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ ታዘዙ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው መሸፈኛ እየተለየ መዘጋቱን አዘጋጆቹ ራሳቸው አስታወቁ። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጸሐፍትና ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሆኑ። በሽብር ሲከሰሱም «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» ስለሚባለው፣ ማንም ከኢንተርኔት በነጻ ስለሚያወርደው የጥንቃቄ መማሪያ መሠልጠናቸው ከክሱ ጋር ተያያዘ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ለቀሩት ፍርድ ቤቱ የሽብሩን ክስ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ውድቅ አደረገው። ክሱ ወደቀ፤ ፍርሃቱ ግን በየቢሮው ተቀመጠ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን በእውነት በመሐል የሚቆመው ሌላ ነበር። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የፊንፊሸር መሰለያ መቆጣጠሪያ ሰርቨር በኢትዮጵያ ውስጥ ማግኘቱን፣ በ2014 ደግሞ የሀኪንግ ቲም መሰለያ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ይፋ አደረገ። እነዚህ ፈቃድ አይጠይቁም፤ መስመሩን ትተው ስልኩና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባሉ። የደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን የግል ምስጢር የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ያን ጊዜም በቦታው ነበር።

«ይህን ዘዴ ለወጣቶች ካስተማርን ሌባ እናፈራለን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የሙግታቸውን ክብደት አልክድም፤ መሣሪያው አንድ ነው። ነገር ግን ሌባው ከእኛ ትምህርት አይጠብቅም። ሌባውን የሚያግደው በተጠቂው ስልክ ላይ የራሱን ማኅተም ማስቀመጥ አለመቻሉና ስክሪፕቶቻችን ማኅተም መመርመራቸው ነው። ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ዜጎቿ የመንግሥትን ማኅተም በየመሣሪያቸው እንዲያስገቡ አዘዘች፤ ከወር በኋላ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ያንን ማኅተም ከመታመን አገዱት። ያን ትእዛዝ ሲሰማ ትርጉሙ የገባው ዜጋ ማን ነበር? ፕሮክሲ በገዛ እጁ አስነሥቶ የሚያውቅ ሰው ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲታገዱ ይህች ከተማ በአንድ ጀምበር ነጻ ቪፒኤን ላይ ተረባረበች። ያ ሁሉ ሕዝብ መልእክቱን በማን በኩል እንደሚያሳልፍ ጠይቆ ነበር? የአራዳ ልጅ ነን የምንል ሰዎች ደላላውን ሳናውቅ ዕቃ አንሰጥም፤ ስልክ ላይ ሲሆን ግን ማንነቱን ለማናውቀው ኩባንያ ሁሉን እናስረክባለን።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። እንግዲህ የክፍያ መተግበሪያ የሚሠሩ ባንኮችና ድርጅቶች ሁሉ፣ ደንበኛው በገዛ ስልኩ ላይ መተግበሪያው ምን ወደ ማን እንደሚልክ ቢመረምር እንደማይከሱት በጽሑፍ ይናገሩ። ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ኮሌጆች ፕሮክሲ አነሣሥን በመጀመሪያው ዓመት ያስተምሩ፤ «ቬሪፋይ ፎልስ» የጻፈ ተማሪ ማርክ ይቀነስበት።

የዚያ ቢሮ ስክሪፕት የቀኑ ስሕተት ታርሞለት ሥራውን ቀጥሏል። የማኅተሙ ምርመራ እንዲመለስ በደብዳቤ ጠይቄአለሁ። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ የደረሰኝ መልስ፣ ፕሮክሲውን ከኮምፒውተሩ ላይ ማጥፋቴን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ የሚያዝ ቅጽ ነው።