የክርስትና ስም በመዝገባችን ይግባ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣

ባለፈው ወር አንዲት እናታችን አርፈው ለቀብር ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው፤ የንስሐ አባታቸውም ቀድመዋቸው አርፈዋል። አንዲት ጎረቤት «ወለተ» ብለው ጀመሩና ቀሪው ጠፋቸው። እኔም መዝገቡን ይዤ ቆሜ ነበር፤ በመዝገቡ ያለው ግን የዓለም ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸውና ወርሃዊ መዋጮአቸው ብቻ ነው። በጣም አፈርኩ።

እኒህ እናት እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ የመገበሪያ ስንዴ ለቅመው የሚያቀርቡ፣ የደብሩን ግቢ ጎህ ሳይቀድ የሚጠርጉ ነበሩ። መጥረጊያውንም የሚገዙት ከገዛ ኪሳቸው ነው። ብር የሰጠ ሰው ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ መጥረጊያ ይዞ የኖረ ሰው ስም ግን አብሮት ይቀበራል። ይሄ ለኔ አይዋጥልኝም።

ድንኳን መትከሉንማ እናውቅበታለን። ነገር ግን በፍትሐቱም ሆነ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ካህናቱ ሟቹን የሚያስቡት በክርስትና ስሙ ነው። ስሙ ከጠፋ በምን ይጥሩት? ለተዝካር በሬ ይታረድ አላልኩም፤ ስም መጻፍ ወጪ የለውም።

ስለዚህ በመዝገባችን ሁለት ዐምድ እንዲጨመር አሳብ አቀርባለሁ፤ አንዱ የክርስትና ስም፣ ሌላው አባሉ በሕይወት ዘመኑ የሰጠው አገልግሎት። (ሙስሊም አባሎቻችን፣ የመጀመሪያው ባይመለከታችሁም ሁለተኛው ይመለከታችኋል።) ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤ ነው። እስከዚያው ግን በቤታችሁ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስሙን በወረቀት አምጡልኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ