ከጀልባ ላይ የታየ ገመድ



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከቁርኣን ትምህርት በኋላ አንድ ተማሪዬ ዳር ዳሩ የተበላ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ይዞ መጣ። በገጹ ላይ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ትታያለች፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ተሳፍረውባታል። ከኋላቸው እስከ ባሕሩ ጠርዝ የወረደ የበረዶ ተራራ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ የባሕር እንስሳት ፀሐይ ይሞቃሉ። «ኡስታዝ፣ እነዚህ ሰዎች ነጋዴዎች ናቸው?» አለኝ። «አይደሉም። ተራራውንና እንስሳቱን ለማየት ብቻ ገንዘባቸውን ከፍለው የሄዱ ናቸው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ጉዞ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

በረዶውን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው። የእኛ ጮቄ አንዳንድ ቀን በረዶ ሲወርድበት ነጭ ቢለብስም ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። በጥንት ዘመን በሰሜን ተራሮችና በባሌ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር እንደነበረ የመሬት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ዛሬ ግን በአገራችን የለም። ስለ ጀልባው ግን «አዎን፣ አለ፤ ያውም ከሞጣ በታች ነው ያለፈው» አልኩት። ልጁ የቀለድኩበት መሰለው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ያንን የጀልባ ጉዞ፣ ከጉዞውም በኋላ ራሴን ያሳፈረኝን ነገር ላጫውታችሁ። ዓመተ ምህረቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጎጃምን የሚዞረው ወንዝ

አባይ ከጣና ሐይቅ ባሕር ዳር ላይ ይወጣና ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ አባይ ላይ ይወረወራል። ከዚያ ወዲያ ገደል ውስጥ ይገባል። ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከጣና እስከ ካርቱም ያለው ርቀት 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸለቆው በብዙ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከላይ ደጋ ነው፤ ጤፍና ገብስ ይዘራበታል። ከታች በረሃ ነው፤ አዞና ጉማሬ በውሃው፣ ዝንጀሮና ጉሬዛ በዳርቻው፣ ጥንብ አንሳ በገደሉ ይኖራሉ።

እኛ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች ይህን ወንዝ የምናውቀው በአብዛኛው በስሙና በሚያስፈራ ወሬው ነው። እኔን ኪታብ ያስቀሩኝ ሸኽ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በደረሳነታቸው ዕውቀት ፍለጋ ወደ ወሎ የተሻገሩ ሰው ነበሩ። አባይን የተሻገሩት የተነፋ የፍየል ቆዳ በደረታቸው ይዘው፣ ኪታባቸውን በቆዳ ጠቅልለው ራሳቸው ላይ አስረው ነበር። «ውሃው መሐል ስደርስ ከአላህ በቀር የምጠራው ጠፋኝ፤ ዳር ስወጣ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ምሳዬ ነበር» እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር። በዓንከቡት ሱራ ውስጥ በመርከብ ሲሳፈሩ አላህን በጥራት የሚለምኑ፣ ወደ የብስ ሲወጡ ግን የሚዘነጉ ሰዎች ተወስተዋል። ሸኻችን አንቀጹን ሲያስተምሩ ሁልጊዜ ያቺን የአባይ ቀን ያነሱ ነበር።

በጀልባ የመጡት

ገደሉን በጀልባ ለመውረድ የሞከሩ ሰዎች ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም ጀልባዎቹን አስጭኖ አመጣና ወንዙ ላይ አወረዳቸው፤ ብዙም ሳይርቁ አለት እየመታቸው ተሰባበሩና ጉዞው ቀረ። ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል በበኩሉ ጀልባውን ትቶ ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት በበቅሎና በእግር የወንዙን ዳርቻ ተከትሎ ካርታውን ሠራ።

በ1968 በአጼ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ ብላሽፎርድ ስኔል በተባለ የእንግሊዝ መኮንን የሚመራ የወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች ቡድን መጣ። በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ይዘው፣ ወንዙ በሞላበት በክረምት ነበር የገቡበት። አብዛኛውን መንገድ ቢዘልቁም ያለ ዋጋ አልሆነም። ኢያን ማክሊዮድ የተባለው ባልደረባቸው ከአባይ ገባሮች አንዱን በወገቡ ገመድ አስሮ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ከዚያም በ2003 መጨረሻ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከግሽ አባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀናት ሚያዝያ 2004 ላይ የሜዲትራንያን ባሕር ደረሱ። የወንዙ የታችኛው ክፍል ዛሬ በ2025 በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ተገድቦ ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ፣ እነሱ የቀዘፉበት ፏፏቴና አለት በከፊል ከውሃ በታች ነው።

ለተማሪዬ ከእነዚህ ሁሉ አስበልጬ የነገርኩት ግን በ1999 የተደረገውን ጉዞ ነው። በዚያ ዓመት አንድ አነስተኛ ቡድን ወንዙን በጎማ ጀልባ ወረደ። ከመካከላቸው ቨርጂኒያ ሞረል የተባለች ጸሐፊና ነቫዳ ዊር የተባለች ፎቶ አንሺ ነበሩ። ፎቶ አንሺዋ ሞጣ አጠገብ ስትደርስ አንድ ነገር አየች። ያየችው አዞ አልነበረም።

ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። በአጼ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ሆነ። ጎጃምና በጌምድር ግን ገበያቸው አንድ፣ ዝምድናቸው አንድ ነውና ሰው መሻገሩን አልተወም። ከወዲህ በኩል ወንዶች፣ ከወዲያም በኩል ወንዶች ሆነው ወፍራም ገመድ ይይዛሉ። ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በክፍተቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከታቹ አባይ ያገሳል፤ እነሱ ይስቡታል። ይህ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀጠለ።

ፎቶ አንሺዋ ያነሣችው ይህንን ነበር። ምስሉ በታኅሣሥ 2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጣ። በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አየ። ገጹን ገልጦ አላለፈም። ብረት አስጭኖ መጣና ከአገሬው ጋር ሆኖ ክፍተቱን ዘጋ። በ2005 ታላቅ ጎርፍ የጠገኑትን ወሰደው። ተመልሰው መጡና በ2009 ከውሃው ከፍ ያለ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠሩ። በዚሁ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ድሃ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ያንን ገመድ ስድሳ ዓመት ያየነው እኛ ነን። ነጋዴዎቻችን ተሻግረውበታል፤ ደረሶቻችን ተሻግረውበታል። ከማየት ብዛት ገመድነቱ ቀርቶ መንገድ መስሎን ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድን ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ አድርገው አስተምረውናል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በሩቅ አገር መንገድ ላይ እንስሳ ቢሰናከል አላህ ፊት ለምን መንገዱን አላስተካከልክም ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። ይህን በየኹጥባው እንሰማለን። ነገር ግን ሰምቶ የመጣው ያልሰማው ሆነ!

ሌላም የማስታውሰው አለ። ገመዱን የያዙት ሰዎች ከወዲያ ማዶ የመጣውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብለው አይጠይቁትም ነበር፤ የሚጠይቁት በደንብ ታስረሃል ወይ ብለው ነው። በ2019 መጨረሻ ሞጣ ውስጥ መስጊዶቻችንና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ እኔን በጣም ያመመኝ ይኸው ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ገመድ ሲይዝ የኖረበት አገር ነው። ሰባራው ድልድይ በብረትና በሽቦ ተጠግኗል፤ ይህኛውን ግን የሚጠግንልን ተቋራጭ ከውጭ አይመጣም።

የእኔ ወንዝ

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ኡስታዝ፣ የእኛንስ ወንዝ አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

ይህ ልጅ የሚኖረው ከመድረሳችን በታች ካለች ትንሽ ወንዝ ማዶ ነው። በበጋ ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ያልፏታል። በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ትሞላለች። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ከዚያ ማዶ የሚመጡትን ልጆች «ቀሪ» እያልኩ በመዝገብ ጽፌያለሁ። ሰንፈዋል ብዬ ወላጆቻቸውን ወቅሻለሁ። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ወርጄ ግን አላየሁም። የአባይን ጀልባዎች በዓመተ ምህረት የምቆጥር ሰው ደጄ ያለችውን ወንዝ አላወቅኋትም።

በማግስቱ ወረድን። ዳሩ ላይ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው የሚሻገሩበት ቦታ ውሃው እስከ ወገቤ ደረሰ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ እስከ ምን እንደሚደርስ እናንተ አስቡት። አላህ ጠብቋቸዋል እንጂ እኛ አልጠበቅናቸውም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው ነገርኩ። አንዱ አባት አራት ባሕር ዛፍ ሰጠ፤ ሌላው ሚስማርና ሽቦ። ማዶ ያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእነሱም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉት በዚያው ነውና መጋዝና ጉልበት ይዘው መጡ። በሁለት ቅዳሜ መደገፊያ ያላት ድልድይ ቆመች። ጎርፍ ሊወስዳት ይችላል፤ ከወሰዳት እንደገና እንሠራለን። መዝገቤ ላይ «ቀሪ» የሚለው ቃል በዚያ ክረምት እጅግ ቀነሰ፤ የጻፍኩባቸውን ልጆችም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ለወጣቶቻችን

ቁርኣን በምድር ላይ ተጓዙ፣ ተመልከቱም ብሎ ደጋግሞ ያዘናል። ስለዚህ አገር ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከወላጅ ፈቃድ ጋር፣ አነስ ብላችሁ ውጡ። ሦስትም ብትሆኑ አንዱን አሚር አድርጉ፤ ይህ ሱና ነው። ወንዝ ስትሻገሩ አሚሩ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው፤ አባይ ጀግና አይፈራም። በክረምት ውሃ አትግቡ፤ ላያችሁ ጠራ ብሎ ጮቄ ላይ የዘነበው ሳታዩት ይደርስባችኋል። ሶላታችሁን ሸሪዓው ለመንገደኛ በፈቀደው መሠረት ስገዱ። ሰው በሚቀዳው ውሃ፣ በሚያርፍበት ጥላና በሚሄድበት መንገድ ላይ አትጸዳዱ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። አዞና ዝንጀሮ ካያችሁ ሱብሓነላህ በሉ እንጂ ድንጋይ አትወርውሩ።

ከሁሉም በላይ ገደሉንና ፏፏቴውን አይታችሁ ስትጨርሱ ሰዉን እዩ። እንዴት እንደሚሻገር፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የታመመ በምን እንደሚወጣ ጠይቁ። ስትመለሱ ያያችሁትን ለጀመዓችሁ ንገሩ፤ ከዚያም መጀመሪያ የየራሳችሁን ሰፈር ወንዝ ወርዳችሁ ተመልከቱ። ድልድይ ሰው እስከተሻገረበት ድረስ ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ ነው።

አላህ ካዩ በኋላ ከሚሠሩት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።