ቆጣሪው ይመስክር

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችንም ሰምተነዋል። ተረቱ የተነገረው ስለ ወንዝ ነው። እኔ ግን ዛሬ በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ ቧንቧችን ውስጥ ሆኖ ገንዘባችንንና ጉርብትናችንን እያሳሳቀ ስለሚወስደው ውኃ ላጫውትዎ ነው። ነገሩን ከሌላ አልሰማሁትም፤ በራሴ ደርሶ፣ እኔንም አሳፍሮ ያለፈ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ሂሳቡ በመጣ ጊዜ የቤቱ ባለቤት እማማ ከአራት ያካፍሉትና ሁላችንም ድርሻችንን እንከፍላለን። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ታዲያ ሂሳቡ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። በግቢያችን ውስጥ የሰው ልብስ እያጠቡ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። የሁላችንም ዐይን ያለ አንዳች ምርመራ በቀጥታ ወደ እርሳቸው ገንዳ ሄደ።

«አንቺ ሴት፣ ወንዙን ግቢዬ ድረስ ጠለፍሽው እንዴ? ወይ ማጠቡን ተዪ፣ ወይ ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂ!» አሉ እማማ።

«በልጆቼ እምላለሁ እማማ፣ ከወትሮው አንዲት ባልዲ አልጨመርኩም» አሉ እኒያ እናት፤ ከዚህ በላይም አልተናገሩም።

እኔስ ምን አደረግሁ? በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ሳይለኩ መናገር ፊዚክስ አይደለም» እያልኩ የማስተምር ሰው፣ በሬ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ከእማማ ጋር ተስማምቼ ነበር።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ወደ እማማ ሄጄ፣ «ለአንድ ሌሊት ብቻ ከ5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ማንም ሰው ውኃ እንዳይነካ ይዘዙልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። በተባለው ሰዓት ቧንቧው ሁሉ ተዘጋ፤ እኔም በባትሪ ብርሃን የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እንደገና ባየው፣ ማንም ሳይጠቀም በ6 ሰዓት ውስጥ 150 ሊትር አልፏል።

እንግዲህ ስሌቱን አብረን እናስላው። በ6 ሰዓት 150 ሊትር ማለት በሰዓት 25 ሊትር ነው። በቀን 600 ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ 18,000 ሊትር፣ ማለትም 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 900 ጀሪካን፣ ወይም በየቀኑ 30 ጀሪካን ማለት ነው። አንዲት ሴት በየቀኑ 30 ጀሪካን ውኃ ጨምራ ስታፈስ አራት ቤተሰብ ሳያያት ይቀራልን? ይህን ጥያቄ ከመፍረዳችን በፊት መጠየቅ ይገባን ነበር። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት የውኃ ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ከፍ የሚል ስለሆነ፣ የሚፈሰው ውኃ ሂሳቡን ከመጠኑ በላይ ያንረዋል።

«ታዲያ እስከዚያ ድረስ የት ተደብቆ ኖረ?» ቢሉኝ፣ መልሱ ቀላል ነው። በሠፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር፤ ባዶ ቧንቧ ደግሞ አያፈስም። በዚያ ወር ግን ውኃው ሳይቋረጥ በመሰንበቱ እኛ ስንደሰት፣ የተሸሸገው ቀዳዳም ሌትና ቀን ሲሠራ ከረመ።

ጠዋት ግቢው ሁሉ በተሰበሰበበት ፍለጋውን ጀመርን። በቆጣሪው መስታወት ውስጥ ጥቂት ውኃ እንኳ ሲያልፍ የምትዞር ትንሽ መዘውር አለች። አንዱ ልጅ እርስዋን እንዲጠብቅ አደረግንና ወደ የቤቱ የሚገባውን መስመር በተራ እንዘጋ ጀመር። የልብስ አጣቢዋ መስመር ተዘጋ፤ መዘውሯ መዞሯን ቀጠለች። የእማማ ማድ ቤት ተዘጋ፤ አሁንም ትዞራለች። ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ። በመጨረሻ የእኔ በተዘጋ ጊዜ ልጁ «ቆመች!» ብሎ ጮኸ። አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላሁም ነበር።

በቤቴ ውስጥ እርጥብ ግድግዳም፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧም አልነበረም። የቀረው አንባቢ ይቅር ይበለኝና የሽንት ቤቱ ብቻ ነበር። ከእኒያ እናት ለነጭ ልብስ የሚጨምሩትን ሰማያዊ ቀለም ተበድሬ በሽንት ቤቱ የውኃ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩና ሳላፈስ 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። ተመልሼ ባይ፣ በነጩ መቀመጫ ላይ ሰማያዊ መስመር ወርዷል። ውኃው ያለ ድምፅ፣ በሣጥኑ ሥር ባለችው ጎሚኒ በኩል ይሾልክ ኖሯል።

የጎሚኒዋ ዋጋ ከወሩ ሂሳብ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የትርፉን ሂሳብ እኔ ብቻዬን ከፈልኩ፤ ይህ ተገቢ ነው። እማማም በዚያው ቀን ቡና አፍልተው እኒያን እናት በራሳቸው አንደበት ጠሩ። እኔም «እትዬ፣ ዝም በማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ምን ይደረጋል መምህር፣ ቆጣሪውም እኮ የተናገረው ሲጠየቅ ነው» ብለው ሣቁ።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ቤት የሚጠቅመውን ላስታውስዎ።

ቆጣሪን ሲያነቡ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያመለክታሉ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ፈተናውን ውኃ ባለበት ቀን ያድርጉት። ውኃው ተቋርጦ እንደ ተመለሰ ግን አይጀምሩ፤ በቧንቧው ውስጥ የገባው አየር ሲወጣ መዘውሯን ሊያዞራት ይችላልና። በግቢዎ ሮቶ ካለ፣ እስኪሞላ ጠብቀው ወደ እርሱ የሚገባውን መስመር ይዝጉ። ከዚያም ማታ በሮቶው ላይ የውኃውን ልክ ምልክት አድርገው ቢያድሩ፣ ከሮቶው ወዲህ ያለውንም መስመር ይመረምሩበታል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧን አይናቁ። አንድ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ከሥሩ ያስቀምጡ። በ15 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1 ሊትር፣ በቀን 24 ሊትር፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ነው። ለመጠገን ዋናውን መዝጊያ ዘግተው፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውኃ ያፍስሱና ራሱን ይፍቱት። ያረጀችውን ጎሚኒ ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ ልኳ ያው ካልሆነ መልሳ ታፈሳለች። በአንድ እጅ ወደ ላይ የሚነሡት አዳዲሶቹ ቧንቧዎች ግን እንዲህ ያለ ጎሚኒ የላቸውም፤ የውስጥ ዕቃቸው በሙሉ ነው የሚቀየረው።

የሽንት ቤት ሣጥን ሲያፈስ መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ይመልከቱ። ውኃው ከትርፍ ማስተንፈሻው ቱቦ አፍ በላይ ከወጣ፣ ሁልጊዜ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ስለዚህ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርገው ውኃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ። ውኃው ልኩን ይዞ ሳለ የሚያፈስ ከሆነ ግን ችግሩ የሥረኛዋ ጎሚኒ ነው። አንዳንድ ጊዜ የውኃ ዝቃጭ ተጋግሮባት ብቻ ይሆናልና አስቀድመው ይጥረጓት፤ ካረጀች ይቀይሯት።

ጥርስ ባለው መጋጠሚያ ላይ ውኃ ከታየ፣ ፈትተው አሮጌውን ጠርገው ቴፍሎን ይጠምጥሙበት። የሚጠመጠመው ዕቃው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በግልባጩ ከሆነ ሲያጠብቁት ይተረተራል። ከልክ በላይ ማጥበቅም መጋጠሚያውን ይሰነጥቃል።

በግድግዳና በወለል ውስጥ የተሸሸገውን ደግሞ በምልክቱ ይወቁት። ቀለሙ ያበጠ ግድግዳ፣ የሻጋታ ሽታ፣ በበጋ ብቻውን የለመለመ የሣር ጉብታ፣ ሁሉም ይናገራሉ። ሌሊት ጸጥ ሲል የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ በቧንቧው ላይ፣ ሌላውን በጆሮዎ ላይ ቢያደርጉ ሹክሹክታው ይሰማዎታል። የዛገ የብረት ቧንቧን በላስቲክና በማጥበቂያ ማሰር ለጥቂት ቀን ይረዳል እንጂ ጥገና አይደለም፤ የተበላው ክፍል መቆረጥ አለበት። ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧም በማጣበቂያ አይያዝም፤ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ መሣሪያ ተበይዶ ስለሚገጠም ለባለሙያ ይተዉት። እርጥበቱ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ወደ ውኃ ማሞቂያ ከቀረበ፣ ከሁሉ አስቀድመው መብራቱን ከዋናው ያጥፉ። ፍሳሹ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ደግሞ እርስዎ አይነካኩት፤ ለውኃ ክፍሉ ያመልክቱ።

ይህ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ብዙ ድካምና ወጪ ፈስሶበት የሚመጣ ውኃ፣ አንዲት ጎሚኒ አጥተን በከንቱ ስንለቀው ሌላው ሠፈር ጀሪካን ተሸክሞ ይዞራል። ይህ አንዱ ጉዳት ነው። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላው ነው። ያች ጎሚኒ ባትገኝ ኖሮ፣ ሁለት ልጆች የያዙ እናት በእኔ ጥፋት ከቤት ይወጡ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚመጣው ሂሳብ ከወትሮው በልጦ ቢያስደነግጥዎ፣ ጎረቤትዎን ከመክሰስዎ በፊት አንድ ሌሊት ቆጣሪዎን ይጠይቁ። ፍለጋውንም ከራስዎ ቤት ይጀምሩ። ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ደኅና ይሰንብቱ።