ቪላውም ይሠራ፣ መንገዳችንም አይዘጋ



ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው አስፋልት ብቅ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያየው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ትናንት የቡናና የእንሰት ጓሮ የነበረው ቦታ ዛሬ በግንብ አጥር እየተከበበ ነው። ባለ ፎቅ ቪላው፣ በረንዳው፣ የፊት ለፊት ግራናይቱ፣ ሰማያዊ መስታወቱ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፈው የብረት በር፣ ኧረ ስንቱ! ባለቤቶቹ ጧት ለሥራ ወደ ዲላ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቤታቸውን ዓመት ሙሉ በዘበኛ እያስጠበቁ ራሳቸው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖሩም አሉ። ከከተማው ጫፍ ያለው ሰፈራችን ባለፉት ጥቂት ዓመታት መልኩ ተለውጧል። ማኅበራችን ግን ስለዚህ ጉዳይ በዚህ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልጻፈም። ዝምታችን ልክ እንዳልነበረ ያሳየን ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ እናት አርፈው ቃሬዛ ተሸክመን ስንወጣ፣ አባቶቻችን ሲሄዱባት የኖሩት የእግር መንገድ በአዲስ ግንብ ተዘግታ አገኘናት። ዘበኛውን «በር ክፈትልን፣ በግቢው እናልፋለን» አልነው። «ጌታዬ አዲስ አበባ ናቸው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ አልችልም» አለን። ልጁ ምን ያድርግ? እንጀራው ነው። እኛም በዝናብ ዞረን፣ የሞያሌ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ቃሬዛ ተሸክመን ሄድን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከለቀስተኛው መካከል ድንጋይ ያነሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ናቸው ያስጣሏቸው። በዚያ ቀን አንድ መጥፎ ነገር ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ስንጽፍ «ድሆች ቀንተው ነው» የሚል አይጠፋም። ቅናት አይደለም። እነዚህ ቤቶች ለሰፈራችን ግንበኛ፣ ለአናጢው፣ ለቀለም ቀቢው፣ አሸዋና ድንጋይ ለሚያወርደው የቀን ሠራተኛ እንጀራ ሆነዋል። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ የቡና ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ውጭ አገር ለፍቶ የላከው። ሰው ላቡን አፍስሶ ባገኘው ገንዘብ ለልጆቹ ጥሩ ቤት ቢሠራ ምን ነውር አለው? ግንባታው ለምን እንደ ጎርፍ እንደመጣም እናውቃለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ለሚልክ ዘመድ ያለው ሰው እጁ ረዘመ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ብር በእጅ ሲገባና ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሰው የሚያምነው መሬትና ብሎኬት ነው።

የሚያሳስበን ቦታው የሚገኝበት መንገድ ነው። አንድ ገበሬ ጎረቤታችን 200 እግር ቡናና እንሰቱ ያለበትን ጓሮ ለደላላ አስረክቦ ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ ግን የመሬት ሽያጭ አይልም። አንዳንዱ «ብድር»፣ አንዳንዱ «ስጦታ»፣ አንዳንዱም «የቡና ዛፍ ሽያጭ» ይላል። ለምን ቢባል በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓልና ነው። ይህንን ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፣ ደላላው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ያውቃል። እሱ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ታዲያ ነገ ክርክር ቢነሣ ሚሊዮኖች የፈሰሰበት ቪላ ባለቤት በእጁ ያለው የብድር ወረቀት ብቻ ነው። ጨረቃ ቤት ማለት የጭቃ ቤት ብቻ አይደለም፤ ግራናይት የለበሰ ጨረቃ ቤትም አለ።

ሩቅ ሳንሄድ ለገጣፎን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ያለችው ይህች ከተማ ሠራተኛው አዲስ አበባ ውሎ የሚያድርባት፣ በአጥር የተከበቡ የቅንጦት መንደሮች የተሠሩባት ናት። በዚያችው ከተማ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ12 ሺህ በላይ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው የማፍረስ ሥራ ተጀመረ። ከፈረሱባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቦታውን ከገበሬ በወረቀት ገዝተው፣ መብራትና ውኃ አስገብተው፣ ዓመታት የኖሩ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን ያየነው ጎዳና ላይ የተከመረ አልጋና ሶፋ ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም። ካርታ ያለው ቪላና ወረቀት ብቻ ያለው ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ከውጭ ላየ ሰው አይለዩም ነበር፤ ዶዘር ሲመጣ ነው የተለዩት።

የገበሬው ጉዳት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። መሬቱ ለከተማ ልማት በሕግ ቢወሰድበት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለቋሚ ተክሉ ካሳ፣ በላዩም ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። በጨለማ የሸጠ ሰው ይህ ሁሉ ቀረበት። የተቀበለው ገንዘብ ባጃጅ ይገዛል፣ ባጃጁ በሦስት ዓመት ያረጃል። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ እንሰትም ለፍቆ እስኪደርስ ከዚያ ይበልጣል፤ መልሶ ልትከል ቢል መሬቱስ የት አለ? ባልየው ፈርሞ ሚስቲቱ ከጎረቤት የሰማችበት ቤት በሰፈራችን እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስም አንጠራም።

የጌዴኦ ሰው ዛፍን ከእንሰት በላይ፣ እንሰትን ከቡና ጋር አስማምቶ በገደል ላይ በመትከሉ ነው ጠባብ መሬት ይህን ያህል ሕዝብ ሲመግብ የኖረው። ይኸው እርሻችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በሚል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ የጌዴኦ ገበሬ በባለርስት ላይ ተነሥቶ ደሙን ያፈሰሰውም በዚሁ መሬት ጉዳይ ነው። ያንን መሬት ዛሬ ራሳችን በደላላ እጅ ስንሰጠው ማየት ያሳፍራል። በመንገድ ዳር ያለው ሁሉ ግንብ ከሆነ ቅርሱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳስ ምን ሊያይ ነው? ገራሚው ነገር፣ የቪላዎቹ እመቤቶች ቆጮ ሲያምራቸው ዲላ ገበያ ወርደው መግዛታቸው ነው። ቤታቸው የቆመው እኮ የእንሰት ጓሮ ላይ ነበር!

ስለ ውኃውም እንናገር፣ ምክንያቱም ክረምት ከገባ የሚያጨቃጭቀን እሱ ነው። የእንሰት ቅጠልና ከቡናው ሥር የሚረግፈው ቅጠል ዝናብን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ያሰርግ ነበር። አሁን 200 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ማለትም 20 በርሜል ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይለቀቃል። ግቢው ሁሉ ንጣፍ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ከላይ ያለው ቪላ ቦይ ሳይሠራ አሽንዳውን ወደ ውጭ ካዞረ፣ ከታች ያለው የጭቃ ቤት ግድግዳ በሌሊት ይናዳል። ሁለት ቤተሰቦች ዕቃቸውን አውጥተው በጎረቤት ሳሎን ያደሩት ለዚህ ነው።

ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት የ1967 ዓ.ም.ን አዋጅ ቁጥር 47 ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ለቤት መሥሪያ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ አይፈቀድለትም ነበር። ያ ዘመን ይመለስ አንልም፤ ብዙ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች በመካከላችን አሉ። የምንለው፣ ከአጥር ውጭ ያለው የጋራ ነው የሚለው ሐሳብ ከአዋጁ ጋር አብሮ መሻር አልነበረበትም ነው።

በመሆኑም የማኅበሩ ኮሚቴ ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ የሚከተለውን ተስማምቷል። የእግር መንገዶቻችን ሁሉ ቃሬዛ በሁለት ረድፍ ተሸካሚ የሚያልፍባቸው፣ ቢያንስ 3 ሜትር ስፋት ያላቸው ሆነው በእንጨት ችካል ይለያሉ። ችካሉ ካለፈበት መስመር ውስጥ የገባ አጥር ያላቸው ባለቤቶች በሽማግሌ ይጠየቃሉ፤ ድንጋይ የሚያነሣ ወጣት ግን ማኅበሩ አይቆምለትም። አዲስ ቤት የሠሩ ሁሉ፣ ባይኖሩበትም እንኳ፣ የዕድራችን አባል እንዲሆኑ በደብዳቤ ተጋብዘዋል። እስከ አሁን አራት አባወራዎች ተመዝግበዋል፤ አንደኛው ቦይ የሚሠራበትን ሲሚንቶ እኔ አቀርባለሁ ብለዋል፤ እናመሰግናለን። መሬቱን ሊያስተላልፍ ያሰበ ጎረቤትም ከመፈረሙ በፊት ከሚስቱና ከደረሱ ልጆቹ ጋር ወደ ኮሚቴው ይምጣና ወረቀቱን አብረን እናንብብለት። አንብቦ የሚያስረዳ፣ ሕግ የተማረ ልጅ ከሰፈራችን አለን፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የከተማው ፕላን እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳየውን ካርታም ከሚመለከተው ክፍል ጠይቀናል፤ እንደተሰጠን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የችካል ሥራው የሚጀመረው የፊታችን እሑድ ከጸሎት መልስ በ8 ሰዓት፣ በተዘጋችው መንገድ አፍ ላይ ነው። የግቢው ባለቤት በስልክ አነጋግረናቸው ራሳቸው እንደሚመጡ ነግረውናል። ስለዚህ ስድብና ግርግር እንዳይኖር አደራ። ሜትር፣ ገመድና መዶሻ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።